በባክቴሪያ ስለሚሠራ በስባሽ ፕላስቲክ

አረም እንዳይበቅል በእርሻ ላይ የሚነጠፈው ተራ ፕላስቲክ በአፈር ውስጥ ብዙ ዘመን ሳይበሰብስ ይኖራል፤ ከብትም ቢበላው ሆዱን ይዘጋበታል።

ፈረንሳዊው ሊቅ ሞሪስ ሌሟኝ ግን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1926 ዓ.ም. አንድ ባክቴሪያ በሰውነቱ ውስጥ ፕላስቲክ መሰል ነገር እንደሚያከማች ገለጸ። ይህም ገበሬ ለክፉ ቀን በጎተራ እንደሚያኖረው እህል ያለ ስንቅ ነው፤ ባክቴሪያው ስኳር ተርፎት ናይትሮጅን ሲያንሰው ያከማቸዋል። በ1988 ዓ.ም. ሊቃውንት ይህን የሚያሠራውን ጂን ቶሎ ወደሚራባው ኢ. ኮላይ ወደተባለው ባክቴሪያ አዛወሩት። ስንቅ በመኾኑም የአፈር ረቂቃን ተሐዋስያን ይበሉታል።

ስለዚህ ክቡራን ገዦችና ባለእርሻዎች፥ ነጋዴ «በስባሽ ነው» ብሎ ሲያቀርብላችሁ ከምን እንደ ተሠራ ጠይቁ። ከላክቲክ አሲድ የሚሠራው 60 ዲግሪ ገደማ የሞቀ የብስባሽ ክምር ይሻል እንጂ በእርሻ አፈር ቶሎ አይበሰብስም። የባክቴሪያው ፕላስቲክ ዋጋም ከተራው ገና ይበልጣል።