የወንድ የዘር ህዋስ ቁጥር ማነስ፦ መንስኤዎቹና የምርመራው ቅደም ተከተል

ጥንዶች መከላከያ ሳይጠቀሙ ለ12 ወራት ወይም ከዚያ በላይ መደበኛ ግንኙነት አድርገው ጽንስ ካልተገኘ፣ የዓለም የጤና ድርጅት ሁኔታውን መካንነት ይለዋል። በልማድ ግን «መካን» የሚለው ስም አስቀድሞ የሚለጠፈው በሴቷ ላይ ነው። ባል ሳይመረመር ሚስት ለዓመታት ከሐኪም ሐኪም፣ ከጠበል ጠበል ስትንከራተት፣ አልፎም ትዳር ሲፈርስ ይታያል። የወንዱ ችግር ግን ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተዳምሮ ከመካን ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ላይ ይገኛል። ይህ አጭር ጽሑፍ የዘር ህዋስ ቁጥር የሚቀንስባቸውን ዋና ዋና መንስኤዎች ይዳስሳል።

በድርጅቱ የ2021 እ.ኤ.አ. መመሪያ መሠረት ዝቅተኛው የማመሳከሪያ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር የዘር ፈሳሽ 16 ሚሊዮን፣ በአጠቃላይ ፈሳሹ ደግሞ 39 ሚሊዮን ህዋስ ነው። ይህ አኃዝ የተወሰደው ሚስቶቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ካረገዙላቸው ወንዶች ሲሆን፣ ከእነርሱም 5 በመቶው ከዚህ በታች ነበሩ። ስለዚህ ቁጥሩ መውለድ የሚችለውን ከማይችለው የሚለይ ወሰን ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

መንስኤዎቹ በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ከቆለጥ በላይ ያለው የሆርሞን ሥርዓት መታወክ ነው። ፒቱታሪ ዕጢ የሚልካቸው ሆርሞኖች ሲቀንሱ ቆለጥ ሥራውን ያቆማል። ጡንቻ ለማዳበር ወይም ለብርታት ተብሎ ከውጭ የሚወሰድ ቴስቶስትሮንም ይህንኑ ያስከትላል፤ አንጎል በደም ውስጥ በቂ ሆርሞን እንዳለ ቆጥሮ ትእዛዙን ያቋርጣልና። ወንድነትን ያጠናክራል የተባለው መድኃኒት የዘር ህዋስን እስከ ዜሮ ሊያደርስ ይችላል።

ሁለተኛው የቆለጡ የራሱ ጉዳት ነው። ከቆለጥ የሚወጡ ደም መላሽ ሥሮች መስፋት (ቫሪኮሲል) በጠቅላላው ከወንዶች 15 በመቶ ያህሉ ላይ ሲገኝ፣ በመካን ወንዶች ዘንድ 40 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በልጅነት ያልወረደ ቆለጥ፣ ከጉርምስና በኋላ የሚይዝ ጆሮ ደግፍ፣ የካንሰር መድኃኒትና ጨረር፣ ተጨማሪ ኤክስ ክሮሞዞም እንዲሁም የዋይ ክሮሞዞም ክፍል መጉደል በዚሁ ምድብ ይካተታሉ። ሦስተኛው የመተላለፊያ ቱቦዎች መዘጋት ነው፤ በጊዜው ያልታከመ ጨብጥና መሰል ኢንፌክሽኖች ከመንስኤዎቹ መካከል ናቸው።

የሥራ ቦታ መርዝ ምን ያህል ሊሰወር እንደሚችል የካሊፎርኒያው አጋጣሚ ያስረዳል። በ1977 እ.ኤ.አ. ዲቢሲፒ የተባለ፣ የአፈር ትል ማጥፊያ ኬሚካል የሚያመርቱ ሠራተኞች ልጅ መውለድ እንዳቆሙ ያስተዋሉት እርስ በርስ ሲጨዋወቱ ነበር። ሲመረመሩ የብዙዎቹ የዘር ህዋስ እጅግ አንሶ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ተገኘ። ኬሚካሉ የአይጦችን ቆለጥ እንደሚያመነምን ግን በ1961 እ.ኤ.አ. ታትሞ ነበር። ከተጋላጭነት ከራቁ በኋላ ከፊሎቹ አገገሙ፤ ህዋሱ ፈጽሞ ከጠፋባቸው መካከል ብዙዎቹ ግን አልተመለሰላቸውም። ሠራተኞቹ ሌላ የሕመም ስሜት ስላልነበራቸው ጉዳቱን የገለጠው የዘር ፈሳሽ ምርመራ ብቻ ነው።

አንድ የዘር ህዋስ ለመፈጠር 74 ቀናት ያህል ይፈጅበታል። በመሆኑም የዛሬው ውጤት የሚናገረው ስላለፉት ሦስት ወራት ነው፤ በመካከሉ የተከሰተ ከፍተኛ ትኩሳት እንኳ ቁጥሩን ሊያወርድ ይችላል። በአንድ ዝቅተኛ ውጤት ላይ ፍርድ መስጠት የማይገባውም ስለዚህ ነው፤ ምርመራው ሊደገም ይገባል።

ከዚህ የሚከተለው የአሠራር ነጥብ ግልጽ ነው። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ቀላልና ሰውነትን የማይጎዳ በመሆኑ፣ በሴቷ ላይ የቀዶ ሕክምናም ሆነ ሌላ ከባድ ምርመራ ከመጀመሩ በፊት ሊከናወን ይገባዋል። ሐኪሙም ባልየውን ስለ ሥራው፣ ስለሚወስዳቸው መድኃኒቶችና ስላለፉ ሕመሞቹ መጠየቅ አለበት። ከመንስኤዎቹ ብዙዎቹ መከላከል ወይም መታከም የሚችሉ ናቸውና፣ በዝምታ የሚያልፈው ጊዜ የሚበላው የሁለቱንም የመውለጃ ዕድሜ ነው።