የተዘረጋውን ክንድ ማንበብ

ንፋስ ስልክ የሚባለው የአዲስ አበባ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከሬዲዮ ነው። ሽቦ ሳይዘረጋ ወሬ የሚያመላልሰውን ቴሌግራፍ ሰው «ንፋስ ስልክ» አለው፤ ጣቢያው የቆመበት አካባቢም ስሙን ወረሰ። ከነፋሱ በፊት ግን ወሬ በክንድ የተላከበት ዘመን ነበር። ፈረንሳዊው ክሎድ ሻፕ እ.ኤ.አ. በ1794 ፓሪስንና ሊልን ያገናኘው በየማማው አናት ላይ በተተከሉ ተንቀሳቃሽ ክንዶች ነው። የባቡር ሰዎች ይህንኑ ዘዴ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ላይ ተዋሱና ሐዲድ ዳር አቆሙት። ስሙ ሴማፎር ነው፤ በግሪክኛ «ምልክት ተሸካሚ» እንደማለት።

እዚሁ አዲስ አበባ፣ ለቡ ላይ ያለው የፉሪ ለቡ ጣቢያ ሴማፎር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የሚመራው በመብራት ነው። መብራቱ ግን የሚናገረው ከክንዱ የተማረውን ነውና ፊደሉን ከክንዱ መቁጠር ይሻላል። ከዚህ በታች የማስረዳው የእንግሊዝን አሠራር ነው፤ የቅርስ ባቡር ጣቢያ ለመጎብኘት የሚሄድ ሰው በብዛት የሚያገኘው እሱን ስለሆነ።

በመጀመሪያ የቆሙበትን ቦታ ያስተካክሉ። ምልክቱ የሚያናግረው ፊት ለፊቱ የሚመጣውን የባቡር ነጂ ብቻ ነው፤ እኛ ዳር ቆመን የሰው ወሬ የምንሰማ ነን። ስለዚህ ባቡሩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ዞረው፣ ነጂው በሚያይበት በኩል ይመልከቱ። ክንዱ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ካለበት የሚያዩት ጀርባውን ነው፤ ያ ምልክት ከወዲያ ለሚመጣው ስለሆነ ይተዉት። ጀማሪ አብዝቶ የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ክንዱ እንደተዘረጋ ባቡሩ ጥሶ አለፈ!» ብሎ ይደነግጣል፤ ክንዱ ለካ የሌላው አቅጣጫ ነው።

ቀጥሎ ቀለሙንና ጫፉን ይለዩ። ቀይ ሆኖ ነጭ መስመር ያለበት፣ ጫፉም ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ከሆነ የማቆሚያ ምልክት ነው። ቢጫ ሆኖ ጫፉ እንደ ዓሣ ጭራ የተሰነጠቀው ደግሞ የማስጠንቀቂያ ነው። ቢጫው ራሱ አያቆምም፤ ወደፊት ያለው ቀይ ምን እንደሚል አስቀድሞ ይነግራል። ባቡር ሚኒባስ አይደለም፤ ጭነት የከበደው ፍሬን ከተያዘ በኋላ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ነጂው ቀዩን እስኪያይ ከጠበቀ ረፍዷል።

ሦስተኛው የክንዱ አቀማመጥ ነው። አግድም የተዘረጋ ቀይ «ቁም» ይላል። አግድም የተዘረጋ ቢጫ «ወደፊት ልትቆም ትችላለህ፤ ተዘጋጅ» ይላል። ክንዱ በሰያፍ ወደ ላይ ከወጣ ወይም ወደ ታች ከወረደ መንገዱ ክፍት ነው። መውጣቱና መውረዱ የትርጉም ልዩነት የለውም፤ የየኩባንያው ልማድ ነው።

ለምን አግድም እንደሆነ ግን ትንሽ ልቆይበት። ድሮ «እለፍ» ለማለት ክንዱ ምሰሶው ላይ በተሰራ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይደበቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1876 በእንግሊዝ አገር አቦትስ ሪፕተን በተባለ ቦታ በረዶ ክንዱን ስንጥቁ ውስጥ አስሮ አስቀረው። የምልክቱ ጠባቂ «ቁም» ሊል ማንሻውን መልሷል፤ ክንዱ ግን «እለፍ» እንዳለ ነው። ፈጣኑ የመንገደኛ ባቡር የከሰል ባቡር መታ፤ ከወዲያ የመጣው ሌላ ፈጣን ባቡርም ፍርስራሹ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው ምልክቱ ዘወትር «ቁም» ላይ ውሎ ባቡር ሲመጣ ብቻ እንዲከፈት የተወሰነው። የክንዱ ክብደትም የሚመዘነው ከማንሻው ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ቢበጠስ ክንዱ በራሱ አግድም እንዲሆን ተደርጎ ነው። በእኛ አደባባይ የትራፊክ መብራት ሲጠፋ ሁሉም «እለፍ ተባልኩ» ብሎ ይገባል፤ በሐዲድ ላይ የጠፋ መብራት «ቁም» ነው።

ማታ ክንዱ ስለማይታይ ከሥሩ አጠገብ ያሉትን ባለቀለም መስታወቶች ይፈልጉ። ክንዱ ሲንቀሳቀስ መስታወቶቹም አብረው እየዞሩ በፋኖሱ ፊት ያልፋሉ። ቀን ላይ ቀርበው ቢያዩት «አረንጓዴው» መስታወት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሆኖ ያገኙታል። ስህተት አይደለም፤ የጋዝ ፋኖስ ነበልባል ቢጫ ነውና ሁለቱ ተደርበው አረንጓዴ ይሰጣሉ። ቀደም ባለው ጊዜ «እለፍ» የሚባለው በአረንጓዴ ሳይሆን በነጭ ብርሃን ነበር። ቀዩ መስታወት ተሰብሮ ቢወድቅ ግን የሚቀረው ነጭ ነው፤ ቀሪውን እርስዎ ያስቡት።

አንድ መደገፊያ ላይ ብዙ ክንዶች ጎን ለጎን ቆመው ካዩ አይደናገጡ። ሐዲዱ ወደፊት ይከፈላል ማለት ነው፤ የግራው ክንድ ለግራው መንገድ፣ የቀኙ ለቀኙ ነው፤ ረጅሙ ምሰሶ ላይ ያለው የዋናው መስመር ነው። መጨረሻ ላይ ባቡሩ ካለፈ በኋላ ፈጥነው አይሂዱ። ክንዱ ወደ አግድም ሲመለስ ይጠብቁ፤ ከኋላ ለሚመጣው በሩ የሚዘጋው ያን ጊዜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው መስመራችን የፈረንሳይ ኩባንያ ሥራ ነው፤ ለገሃር የሚለው ስምም የፈረንሳይኛው «ጣቢያ» ነው። ፈረንሳዮች ከክንድ ሌላ የሚዞር ሰሌዳ አላቸው። ሰሌዳው ፊቱን ከሰጠዎት ትእዛዝ እየሰጠ ነው፤ በጠርዙ ከቆመ ዝም ብሏል።

አሁን ለቡ ይሂዱ። መስመሩ በቻይና ደረጃ የተሠራ ነው፤ በዚያ ሥርዓት ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ከላይ ያወቁት ናቸው። ጣቢያ መግቢያ ላይ ሁለት ቢጫ አንድ ላይ ከበራ ባቡሩ ከዋናው ወጥቶ ወደ ጎን ሐዲድ ሊገባ ነው። ሰማያዊና ነጭ ካዩ ግቢው ውስጥ ፉርጎ ለሚያመላልሱ ነው፤ ሰማያዊ «አትንቀሳቀስ»፣ ነጭ «ተንቀሳቀስ»። ከላይ ያለው ሽቦ 25,000 ቮልት ይሸከማል፤ ሐዲድ ላይ አይውረዱ፣ ረጅም ነገር አያንሱ። ፎቶ ከማንሳትዎ በፊትም ጥበቃውን ያስፈቅዱ።

ቤት ሲመለሱ ከልጆች ጋር አንድ ባለክንድ ምልክት ይሥሩ። ቀጭን እንጨት ከጫፉ ትንሽ ገባ ብለው በምስማር አጥር ላይ ይምቱት፤ ሳይጠብቅ፣ እንዲዞር። በአጭሩ ጫፍ ድንጋይ ይሰሩበት፤ ረጅሙ ክንድ አግድም ላይ ሲደርስ የሚያቆመው ሌላ ምስማር ከላዩ ይምቱ። ከረጅሙ ክንድ ላይ ክር አስረው ወደ ታች ይሳቡ፤ «እለፍ»። ከዚያ ልጁ ክሩን እንደሳበ መቀስ አምጥተው ይቁረጡት፤ ክንዱ ወዴት እንደሚሄድ እሱ ራሱ ይንገርዎት።