ቀዝቃዛ ውሃ ንጹሕ ነውን?

በሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ በደባርቅና በዳባት አካባቢ፣ የምንጭ ውሃ ጥርስ ያደነዝዛል። ቅዝቃዜውና ጥርት ማለቱም ብዙዎቻችንን «ንጹሕ ነው» ያሰኘናል። ይሁን እንጂ ከዓይነ ምድር ወደ ውሃ የሚገቡ ባክቴሪያዎች ከሞቃት ይልቅ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ በሕይወት ይቆያሉ።

ታዲያ ብክለቱ በምን ይታወቃል? የኮሌራንና የታይፎይድን ተህዋስያን አንድ በአንድ መፈለግ አድካሚ በመሆኑ፣ ባለሙያዎች በአንጀት ውስጥ የሚኖረውን ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ እንደ ምስክር ይወስዱታል። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀዳዳዎቹ 0.45 ማይክሮ ሜትር በሆኑ ስስ ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል፤ ማጣሪያውም ለባክቴሪያ በተዘጋጀ ምግብ ላይ ተቀምጦ በ44 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያድራል። በዚህ ሙቀት አብዛኞቹ የአፈር ባክቴሪያዎች አይራቡም፤ ኢ. ኮላይና የቅርብ ዘመዶቹ ግን በዓይን የሚታዩ ነጥቦች ይሠራሉ። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ኢ. ኮላይ ፈጽሞ መገኘት የለበትም።

ናሙናው ከምንጩ ብቻ ከተወሰደ ምርመራው ጎዶሎ ነው። ምንጩ ንጹሕ ሆኖ በቤት ካለው ጀሪካን ነጥቦች ከተቆጠሩ፣ ብክለቱ የደረሰው በመቅዳት፣ በማጓጓዝ ወይም በማስቀመጥ ላይ ነው።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህም ተህዋስያኑን ለመግደል ይበቃል፤ ለጥንቃቄ ግን ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል።