«ጎመን በጤና»ን ተሻግሮ፦ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች አትክልትን መውደድ እንዴት ይማራሉ?

መግቢያ

ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በክትትል ወቅት ደጋግሞ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ «አትክልት ማዘውተር ያስፈልጋል» የሚለው ነው። የምክሩ መሠረት አያከራክርም። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ፎሶልያና ጥቅል ጎመን የሚይዙት ስታርች ጥቂት ነው፤ በውስጣቸው ያለው ፋይበር ደግሞ ከምግብ የሚገኘው ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። የዓለም ጤና ድርጅት ድንችንና መሰል ሥራሥሮችን ሳይጨምር በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ መመገብን ይመክራል። በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያም አትክልትና ፍራፍሬ የዕለት ማዕድ አካል እንዲሆኑ ያሳስባል።

ችግሩ ምክሩ ጣዕምን ሳያነሣ ማለፉ ነው። ሰው የማይወደውን ምግብ ለጥቂት ሳምንታት ራሱን አስገድዶ ሊበላው ይችላል፤ የስኳር ሕመም ግን ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ነው። ሕመሙ በዓይን፣ በኩላሊትና በእግር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙውን ጊዜ ከዓመታት በኋላ የሚገለጥ በመሆኑ፣ ምክሩን መተው የሚያስከትለው ዋጋ ወዲያው አይሰማም። ይህ አጭር ጽሑፍ አትክልትን መውደድ በልምምድ የሚገኝ መሆኑን፣ ልምምዱም በወጥ ቤትና በማዕድ ዙሪያ የሚከናወን መሆኑን ለማስረዳት ይሞክራል።

የምላስ ልማድ

ጎመንና ዘመዶቹ መራራነታቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው ግሉኮሲኖሌት ከተባሉ ድኝ አዘል ውሁዶች ነው። ይህን መራራነት ሁሉም ሰው በእኩል መጠን አይቀምሰውም፤ የመራራነት ተቀባዮችን የሚወስኑት ዘረ-መሎች ከሰው ሰው ይለያያሉ። በመሆኑም «ጎመን አይጥመኝም» የሚለውን ታካሚ ሰበብ ፈላጊ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው።

ይሁን እንጂ የተፈጥሮ ልዩነቱ የማይለወጥ ዕጣ አይደለም። በርችና ማርሊን እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ጥናት የሁለት ዓመት ሕፃናት አንድን አዲስ ምግብ በቀመሱት ቁጥር ለዚያ ምግብ ያላቸው ምርጫ እንደሚጨምር አሳይተዋል። በዚያው ዓመት በርቲኖ፣ ቦሻምፕና ኤንግልማን ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ለወራት ጨው የቀነሰ ምግብ የተመገቡ አዋቂዎች ዝቅ ያለ የጨው መጠን ወደ መውደድ እንደተሸጋገሩ አመልክቷል። የመጀመሪያው ስለ ሕፃናት፣ ሁለተኛው ስለ ጨው በመሆኑ ለአትክልትና ለስኳር ሕመም ቀጥተኛ ማስረጃ ተደርገው አይወሰዱም። አንድ ላይ ሲታዩ ግን የምላስ ምርጫ በመደጋገም እንደሚንቀሳቀስ፣ አዋቂነትም ይህን እንደማያግድ ይጠቁማሉ። በሀገር ውስጥም ተመሳሳይ ምሳሌ አለ፦ በኮንሶ የሽፈራው ቅጠል የዘወትር ምግብ ነው። ለእንግዳ ምላስ መራራ የሚሆነው ይህ ቅጠል በዚያ ያደገ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው የቤት ጣዕም ነው።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ መመሪያ ቀላል ነው። አምስት ዓይነት አትክልት በአንድ ጊዜ ከማዘዝ ይልቅ አንዱን መርጦ፣ በትንሽ መጠን፣ ለተከታታይ ቀናት በተለያየ አሠራር መቅመስ ይሻላል። በመጀመሪያው ሙከራ አለመጣፈጡ የሚጠበቅ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አለመሆኑን ታካሚው አስቀድሞ ቢያውቅ ቶሎ ተስፋ አይቆርጥም።

አሠራሩም ወሳኝ ነው። ጨው መራራነትን እንደሚሸፍን ብሬስሊንና ቦሻምፕ እ.ኤ.አ. በ1997 አሳይተዋል። ሆኖም የስኳር ሕመም ብዙ ጊዜ ከደም ግፊት ጋር ስለሚመጣ ጨው ማብዛት መፍትሔ አይሆንም። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያ፣ ኮረሪማና የሎሚ ጭማቂ ጨውን ሳያበዙ ጣዕም ይሰጣሉ። ጎመንን ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ምሬቱን ቢቀንስም በውኃ የሚሟሙ ቫይታሚኖችን ይዞ ይሄዳል፤ ከልክ በላይ ማብሰልም የድኙን ሽታ ያጎላል። በቀጭኑ ከትፎ፣ በመጠነኛ ዘይት ከተቁላላ ሽንኩርት ጋር ለአጭር ጊዜ ማብሰል ሁለቱንም ችግሮች ያቃልላል።

የስያሜ ተጽዕኖ

«ጎመን በጤና» የሚለው ብሂል ሰላም ያለበትን ዝቅተኛ ኑሮ ሥጋት ካለበት ድሎት ያስበልጣል። ብሂሉ ጎመንን የሚጠራው ግን ስለ ጣዕሙ አይደለም፤ ጎመን እዚህ ሰው ለጤናው ሲል የሚታገሠው ምግብ ነው። በምክር መስጫ ክፍል «ለስኳርህ ስትል ጎመን ብላ» ሲባል ይኸው ትርጉም ይደገማል፤ አትክልቱ የሕመሙ ቅጣት፣ ሥጋውና እንጀራው ደግሞ የጤነኛው ድርሻ ይመስላሉ።

ስያሜ በምርጫ ላይ ያለው ኃይል ተለክቷል። ተርንዋልድ፣ ክረምና ባልደረቦቻቸው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የምግብ አዳራሽ ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ያው አትክልት በአንድ ዓይነት አሠራር እየቀረበ ስሙ ብቻ ተለዋውጧል። ጣዕሙን በሚያጎላ ስም ሲቀርብ የመረጡት ሰዎች ቁጥር በተራ ስም ከቀረበበት ጊዜ በ25 በመቶ በልጧል። በአንጻሩ የጤና ጠቀሜታውን የሚያነሡት ስያሜዎች ያን ያህል አልሳቡም።

የኢትዮጵያ ወጥ ቤት ለዚህ የሚሆን ስም አያጣም። በጉራጌ ማዕድ ጎመን ክትፎ የክብር ምግብ ነው፤ ጎመን በአይብም ከክትፎ ጎን ለእንግዳ ይቀርባል። ቅቤው መመጠን ቢኖርበትም፣ ጎመን የድግስ ምግብ ሊሆን እንደሚችል ከእነዚህ በላይ አስረጂ አያስፈልግም። ታካሚው «የሚፈቀድልህ ይህ ነው» ከሚባል ይልቅ ስለሚያውቀውና ስለሚያከብረው ምግብ ቢጠየቅ ውይይቱ ከሌላ ቦታ ይጀምራል።

የማዕዱ ሥርዓት

ሽኩላና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት አነስተኛ ጥናት፣ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለባቸው 11 ሰዎች አትክልትና ፕሮቲን አስቀድመው ዳቦውን በኋላ ሲበሉ ከምግብ በኋላ የሚታየው የደም ስኳር ዝቅ ብሏል። ይህ ግኝት በሳህንና በሹካ ለሚበላ ሰው በቀላሉ ይተገበራል። እንጀራ ግን ምግብም፣ ማንሻም፣ የወጡ ማረፊያም ነው፤ እያንዳንዱ የአትክልት ጉርሻ እንጀራን ይዞ ይገባል። ስለዚህ ለኢትዮጵያዊ ማዕድ የሚስማማው ምክር ሁለት መልክ ይኖረዋል፦ አንደኛ፣ እንጀራው ከመቅረቡ በፊት ሰላጣ ወይም ትንሽ ጎመን ለብቻው በማንኪያ መብላት፤ ሁለተኛ፣ በጉርሻው ውስጥ እንጀራውን አሳንሶ አትክልቱን ማብዛት።

የጾም ማዕድ ለዚህ ምቹ መነሻ ነው። በየዓይነቱ ጾመኛ ላልሆነውም በየምግብ ቤቱ ይገኛል። ልዩነት የሚያመጣው በትሪው ላይ ያለው ድርሻ ነው፤ ጎመን፣ ፎሶልያና ሰላጣ ሰፊውን ቦታ ሲይዙ ድንቹና እንጀራው ይቀንሳሉ። በተለምዶ «አትክልት» የሚባለው አልጫ ድንች ስለሚበዛበት በስሙ ብቻ ሊታመን አይገባም።

ማዕዱ የጋራ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ለታካሚው ብቻ የተለየ ሳህን ማቅረብ ከቤተሰቡ ይነጥለዋል፤ የሚዘረጋለትን ጉርሻ መመለስም ይከብደዋል። ትሪው ለሁሉም ሲለወጥ ታካሚው የሚለምደውን ጣዕም ልጆቹም አብረው ይለምዱታል።

ጥንቃቄ

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንጀራውን በድንገት አብዝቶ ቢቀንስ የደም ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው የፖታሲየም መጠን፣ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ የቅጠላ ቅጠሉ መጠን ከሐኪሙ ጋር መመዘን አለበት።

ማጠቃለያ

አትክልትን በተመለከተ የሚሰጠው ምክር እስካሁን «ምን ያህል ይበላ» በሚለው ላይ አተኩሯል። ታካሚው ምን እንደሚጥመው፣ በቤቱ ማን እንደሚያበስልና ከማን ጋር እንደሚበላ መጠየቅ ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ መልሱ ግን ምክሩ በቤት ውስጥ መቆየት አለመቆየቱን ይወስናል። በመስኩ የሚሠሩ ተመራማሪዎችም የተበላውን መጠን ብቻ ሳይሆን መውደድን ራሱን በተከታታይ ወራት ቢለኩ፣ እንጀራ ማዕከል በሆነበት ማዕድ የአበላል ቅደም ተከተልን ቢፈትሹ፣ ለሐኪሙም ለታካሚውም የሚጠቅም ዕውቀት ይገኛል።