ስንዴና ማተብ

የወንድሜ ልጅ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የእርዳታ ሥራ ተቀጥረህ ወደ ወሎ ቦረና ልትመጣ ነው አሉ። መካነ ሰላም ላይ ካቶሊክ ሆኖ ያረጀ ሰው ብዙ ስለሌለ፣ ሳትጠይቀኝ ልምከርህ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ከዚህ ሌላ ምን ሥራ አለው?

1. ስንዴ ስትሰፍር ማተብ አትይ። በ1977ቱ ድርቅ ወረፋ ይዣለሁ። አንድ አዳይ ጣሳውን ከማጥለቁ በፊት «ሃይማኖትሽ?» ብሎ ጠየቀ። ሴትዮዋ ነጠላዋን እንደዘረጋች ዝም አለች። እስላም ትሁን ክርስቲያን እስካሁን አላውቅም፤ እጇ ሲንቀጠቀጥ ግን አይቻለሁ። «በስንዴ የገባ» የሚለው ስድብ እኔም ደርሶኛል። ተሳዳቢዎቹ ከምንም ተነስተው አይደለም።

2. አባ ገብረ ሚካኤልን እወቅ። ሩቅ አገር ሰው አይደሉም፤ ከአባይ በረሃ ማዶ፣ ከመርጡለ ማርያም ወገን ናቸው። አንድ ዓይናቸው የጠፋ፣ መጽሐፍ ፈልገው የማይጠግቡ መነኩሴ ነበሩ። በ1833 ከደጃዝማች ውቤ መልእክተኞች ጋር ጳጳስ ሊያመጡ ግብፅ ወረዱ፤ አገሬው አቡነ ያዕቆብ ከሚላቸው ከካቶሊኩ ሚስዮናዊ ከዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ጋር ሮም ድረስ ዘለቁ። ሲመለሱ ካቶሊክ ሆኑ። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሞት ተፈረደባቸው፤ የእንግሊዙ ቆንሲል ፕላውደን ለምኖላቸው ፍርዱ ወደ እስራት ዞረ። በ1847 በሰንሰለት እንዳሉ አረፉ። ሮም በ1919 ብፁዕ ብላቸዋለች። ማንም በጣሳ አልገዛቸውም፣ ማንም በሰንሰለት አላስመለሳቸውም። ያሰሯቸውም ክርስቲያኖች ነበሩ፤ እወቀው እንጂ ቂም አታድርገው።

3. የቀን ሠራተኛህን ሳይመሽ ክፈል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ ስለ ሠራተኛ ደመወዝ የጻፉት በ1883 ነው፤ የዛሬው ሊዮን 14ኛ ስማቸውን ሲመርጡ እሳቸውን አስበው ነው። እኔ ይህን ሁሉ አንብቤ፣ አጥሬን ድንጋይ የካበልኝን የሳይንት ልጅ «ዝርዝር የለኝም፣ ነገ ና» አልኩት። ገሳውን ደርቦ ደጄ ላይ ትንሽ ቆመ። «ጋሼ፣ እናቴ ዱቄት ትጠብቃለች» አለኝና ሄደ። አልተመለሰም። አጥሩ እስካሁን ቆሟል፤ በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ልጁ ትዝ ይለኛል።

4. በስልክ ሃይማኖት አትሟገት። ይኸው ነው።

5. የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከታችን የተቋቋመው ጥር 11 ቀን 2007፣ በጥምቀት ዕለት ነው። እኔ ያን ዕለት ከጎረቤቶቼ ጋር ታቦት እሸኝ ነበር። አንተም ታቦት ሲያልፍ ነጠላህን አጣፍተህ ቁም፤ የእስላም ጎረቤትህ ሲሞት ደግሞ ከቀብሩ አትቅር። እዚህ ሰው የሚመዘነው በቅሬ፣ በዕድራችን ነው። ስለዚህ ስትደርስ መጀመሪያ የቅሬው ዳኛ ቤት ሄደህ ተመዝገብ፤ ቢሮህን በኋላ ትከፍታለህ።