የዘር እህል ይበላልን?

(በወንዝ አፍ ላይ ስለሚጠመደው የጣና ነጭ ዓሣ ለሠልጣኝ መምህራን የቀረበ የጥናት ጽሑፍ)

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። ሰኔ ግም ሲል፣ ጎተራው ሲራቆትና ልጅ ሲርበው፣ እናት ከጎረቤት ትበደራለች፤ ጎመንም ቀቅላ ታሳድራለች። ተለይቶ የተቀመጠውን የዘር እህል ግን አትነካም። የዘር እህልም እኮ እህል ነው፤ ቢቆሉት ይቆላል፣ ቢፈጩት ይፈጫል። ነገር ግን ዘሩን የበላ ቤተሰብ የበላው አንድ ቁና እህል ብቻ ሳይሆን የከርሞውን አዝመራ ጭምር ነው። እጅ የሚሰበሰበው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ይህ የገበሬ ሕግ በውኃ ላይም ይሠራል ወይ የሚል ነው። ጥያቄው ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎቹ በጣና ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች፣ በፎገራ፣ በደራ፣ በደንቢያና በመሳሰሉት ሊመደቡ ይችላሉ። እዚያ በምናስተምርበት ክፍል ውስጥ ደብተሩ በዓሣ ገንዘብ የተገዛለት ልጅ ይቀመጣል። ለዚያ ልጅ ምን ብለን እናስተምረዋለን? ከመመደባችን በፊት ልናስብበት ይገባል።

1. ነጭ ዓሣ ማን ነው?

ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው። ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው። አባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጢስ አባይ ፏፏቴ ይወርዳል። ከፏፏቴው በታች ያለ ዓሣ ያንን ገደል ወጥቶ ወደ ሐይቁ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ የጣና ዓሦች ለብዙ ሺህ ዓመታት ለብቻቸው ኖረዋል።

በገበያ የምናውቃቸው በዋናነት ሦስት ናቸው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ተመራማሪዎች በሐይቁ ውስጥ 15 የነጭ ዓሣ ዝርያዎችን ለይተው ገልጸዋል። ከነዚህም ውስጥ 8ቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው። ይህ ለሳይንስ መምህር የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውምና። ጥርሳቸው ያለው ከጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ጥርስ አልባ መንጋጋ ይዘው አዳኝ ሆኑ ማለት ነው።

በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ ከአንድ ግንድ የተከፋፈሉ የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በፊሊፒንስ አገር በላናኦ ሐይቅም ይገኙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከላናኦ ዓሦች 15 ዝርያዎች ከምድር ገጽ እንደጠፉ አስታወቀ። ለጥፋቱ ምክንያት የሆኑት ከውጭ የገቡ ዓሣ በል ዓሦች ሲሆኑ፣ ከልክ ያለፈና አጥፊ የሆነ የማጥመድ ዘዴም ነገሩን አባብሶታል። የእኛ የጣና ቤተሰብ ግን እስከ ዛሬ አለ።

2. ለምን ወደ ወንዝ ይወጣል?

ቆሮሶ የምትራባው እዚያው ሐይቁ ዳር ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። ነጭ ዓሣ ግን እንዲህ አይደለም። ከ15ቱ ቢያንስ 7ቱ ለመራባት ሐይቁን ትተው ወደ ወንዝ መውጣት አለባቸው። ክረምቱ ሲገባ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎችም ገባሮች ያመራሉ። መጀመሪያ ወንዙ ሐይቁን በሚገናኝበት አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ቀጥሎም ሽቅብ ይዋኙና ውኃው ጠርቶ በጠጠር ላይ ወደሚፈስባቸው ትናንሽ ገባሮች ይደርሳሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት በጠጠሩ መካከል ነው። እንቁላሉ ኦክስጅን ያለው ሩዋጭ ውኃ ይፈልጋል፤ ጭቃ ከተኛበት ታፍኖ ይሞታል። ጉዞው የሚበረታው በነሐሴና በመስከረም ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ወላጆቹ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ።

አሁን የነገሩን ክብደት እናስተውል። በሰፊ ሐይቅ ውስጥ ተበትኖ የከረመው ዓሣ በሁለት ወር ውስጥ በጥቂት በሮች በኩል ያልፋል። በዚያ በር ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ሌላ ጊዜ ብዙ ቀን የሚለፋበትን በአንድ ሌሊት ያገኛል። ይሁንና እዚያ የተያዘችው እናት ዓሣ እንቁላሏን ገና አልጣለችም። ለወላድነት ለመብቃት ዓመታት ፈጅቶባታል። በገበያ ዋጋዋ ሐምሌ ወይም ታኅሣሥ ከተያዘችው አይለይ ይሆናል። ለሐይቁ ግን አንዷ እህል ናት፣ ሌላይቱ ዘር።

3. ምን ደረሰ?

በጥንት ጊዜ የጣና ዓሣ አጥማጆች፣ በተለይም ነገደ ወይጦ፣ ከደንገል በተሠራ ታንኳ በሐይቁ ዳር ዳር ያጠምዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ዓላማው ክፉ አልነበረም፤ የአጥማጁን ገቢ ለማሳደግና ለሕዝቡ ምግብ ለማቅረብ ነው። ነገር ግን ጀልባው ታንኳ ከማይደርስበት የወንዝ አፍ አደረሰ፤ መረቡም በሩን መዝጋት ቻለ።

እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ያለውን ጊዜ ያነጻጸረ ጥናት፣ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የአዋቂ ነጭ ዓሣ ብዛት በ75 በመቶ፣ የታዳጊዎቹ ደግሞ በ90 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። እዚህ ላይ ሁለተኛውን አኃዝ ልብ እንበል። አዋቂው ብቻ ቢቀንስ ኖሮ ታዳጊው አድጎ ይተካዋል እንል ነበር። ታዳጊው ከአዋቂው ይበልጥ ሲቀንስ ግን ተተኪ እየጠፋ ነው ማለት ነው። ጎተራው ብቻ ሳይሆን የዘሩ ቅልም ተራቁቷል።

ጥፋቱ ሁሉ የመረብ ነው ማለት ግን ሐቅ አይሆንም። በወንዞቹ ላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ በመጨመር ዓሣ የሚገድል አለ። ብርብራ ትልቁንም ትንሹንም ሳይመርጥ ያፍናል። አሸዋና ጠጠር የሚጭን መኪና የእንቁላሉን አልጋ ይዞ ይሄዳል። ለመስኖ የሚጠለፍ ውኃና እንደ ርብ ግድብ ያለ ሥራ ለገበሬው ጥቅም ቢሰጥም የዓሣውን መንገድ ይነካል። ከተራቆተ ተራራ የሚታጠበው አፈር ጠጠሩን ያለብሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ የታየው እንቦጭ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ በአጥማጁ ላይ ብቻ ጣት መቀሰር አይገባም።

4. ለማነጻጸር፦ የእናት ዓሣ ሐይቅ

ይህ ጥያቄ በእኛ ዘንድ ብቻ የተነሣ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ መስኪ የሚባል ትልቅ አዳኝ ዓሣ አለ። የዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1955 መለያ ዓሣው አድርጎ መርጦታል። የመንግሥት የዓሣ ባለሙያዎች አንዳንድ ሐይቆችን ለይተው የመስኪ የእናት ዓሣ ሐይቅ ያደርጓቸዋል። በጸደይ ወራት ከዚያ ወላዶቹን በመረብ ይይዛሉ፤ ሆዳቸውን በእጅ ዳበስ አድርገው እንቁላሉን ያወጣሉ፤ ከወንዱ ዘር ጋር ያዋህዱታል፤ እናቲቱንም ወደ ሐይቋ ይመልሳሉ። ጫጩቶቹ በማራቢያ ጣቢያ ካደጉ በኋላ ወደ ሌሎች ሐይቆች ይበተናሉ። አንድ ሐይቅ የብዙ ሐይቆች እናት ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ በዚያ ሐይቅ ለመዝናናት መንጠቆ መጣል ተገቢ ነው ወይ? ብዙዎቹ መስኪ አጥማጆች የያዙትን ዓሣ መልሰው ይለቃሉ። በሚኔሶታ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በአብዛኛው ሐይቅ ከ54 ኢንች፣ ማለትም ከ137 ሴንቲ ሜትር፣ ያነሰ መስኪ ይዞ መሄድ በሕግ የተከለከለ ሆኗል። «መልሼ ከለቀቅሁት ምን ጎዳሁ?» የሚል አለ። ሆኖም ውኃው በሞቀበት ወቅት ለረጅም ጊዜ ሲታገል የቆየ ዓሣ ሲለቀቅ ደህና መስሎ ዋኝቶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሊሞት ይችላል። ሕሊና ያለው አጥማጅ ሕግ ባይከለክለውም ሙቀቱ ሲበረታ መንጠቆውን ይሰበስባል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሕግ የፈቀደው ሁሉ ተገቢ ነው ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ በእነርሱና በእኛ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። እነርሱ የሚያጠምዱት በአብዛኛው ለጨዋታ ነው፤ የእኛ አጥማጅ ግን ለእንጀራ። ለእነርሱ ደግሞ የማራቢያ ጣቢያ አላቸው፤ ለጣና ነጭ ዓሣ ግን ማራቢያ ጣቢያው ወንዙ ራሱ ነው።

5. የሚነሡ ክርክሮች

ሀ. «አባቶቻችንም ያጠምዱ ነበር።» እውነት ነው። ግን በምን? የደንገል ታንኳና የናይለን መረብ አንድ አይደሉም። ልማዱ ሳይለወጥ መሣሪያው ሲለወጥ፣ የትናንቱ ልማድ ለዛሬው ዋስትና አይሆንም።

ለ. «እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል።» ይህ ከሁሉ የበለጠ አስቸጋሪ ነው፤ ለአንድ ሰው ሲነገር እውነት ስለሆነ። አንድ አጥማጅ ብቻውን ቢታቀብ ራሱን ከመጉዳት በቀር ሐይቁን አያድንም። ሁሉም ይህንኑ ሲል ግን ሁሉም ባዶ እጁን ይቀራል። መልሱ ስብከት ሳይሆን ስምምነት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ አጥማጆቹ ተስማምተው የሚጠብቁት በር ከማንኛውም ዘበኛ ይሻላል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 አለ። ነገር ግን አዋጅ ብቻውን በሌሊት ወንዝ አፍ ላይ አይቆምም።

ሐ. «ልጆቼ ምን ይብሉ?» ይህን ጥያቄ በችኮላ የሚመልስ መምህር ቢቀርበት ይሻላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ተውልን የሚባለው ሐይቁን በሙሉ አይደለም፤ የወንዝ አፎቹንና መንገዶቻቸውን በመራቢያው ወራት ብቻ ነው። ቆሮሶ የምትያዘው በሌላ ስፍራ ነው። የዓሣ ገበያ እጅግ የሚደራውም በዐቢይ ጾም ወራት እንጂ ነጭ ዓሣ ወደ ወንዝ በሚወጣበት ወቅት አይደለም። ሆኖም የፍልሰታ ጾም በነሐሴ ነው፤ የትምህርት ቤት ወጪም የሚመጣው በመስከረም ነው። ስለዚህ ለአጥማጁ የሚቀርበት ገንዘብ ቀላል አይደለም። ዓሣውን የሚገዛው ከተሜ፣ ጠጠሩን የሚጭነው ነጋዴና መረቡን ያስገባው መሥሪያ ቤት ሁሉ ጫናውን ሳይካፈሉ አጥማጁ ብቻ ይሸከም ማለት ፍርድ አይደለም። ዘሩ የሁሉም ከሆነ ጥበቃውም የሁሉም ነው።

6. በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምረው?

በመጀመሪያ፣ የተማሪን አባት በክፍል ፊት ጥፋተኛ ማድረግ ክልክል ነው። ያን ያደረገ መምህር ልጁንም ትምህርቱንም አጣ። ይልቁን የአጥማጅ ልጆች አዋቂዎች ይሁኑ። የዓሦቹን ስም፣ የሚታዩበትን ወር፣ የመረቡን ዓይነት እነርሱ ይንገሩን፤ እኛ በሰሌዳ እንጻፍ።

ቀጥሎ ይህን ጨዋታ መጠቀም ይቻላል። በአንድ ሳሕን 40 ፍሬ ባቄላ እናስቀምጥ። 4 ልጆች እንጥራ። በየዙሩ እያንዳንዱ የፈለገውን ያህል ያንሣ። በሳሕኑ የቀረውን መምህሩ እጥፍ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ከ40 አያልፍም። እያንዳንዳቸው 5 ቢያነሡ 20 ይቀራል፤ እንደገና 40 ይሆናል፤ ጨዋታው ማለቂያ የለውም። እያንዳንዳቸው 10 ቢያነሡ ሳሕኑ በመጀመሪያው ዙር ባዶ ይሆናል። አሁን ሦስቱ 5፣ 5 ሲያነሡ አንዱ 10 ያንሣ። 15 ይቀርና 30 ይሆናል። በሁለተኛው ዙር 5 ይቀርና 10 ይሆናል። በሦስተኛው ዙር ለሁሉም የሚበቃ የለም። ስስታሙም ጭምር አለቀበት።

ከዚያ በኋላ «ማነው ስስታሙ?» ብለን አንጠይቅ። «ሳሕኑ እንዳይራቆት ምን ዓይነት ስምምነት ያስፈልግ ነበር? ስምምነቱን የሚያፈርሰውስ ምን ይደረግ?» እንበል። ልጆቹ የሚሰጡት መልስ ብዙ ጊዜ ከመጽሐፉ የሚሻል ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በጠጠር ላይ የተጣለ እንቁላል ጭቃ ሲተኛበት ለምን ይሞታል? ከጠርሙስ፣ ከጠጠርና ከጭቃ መርጃ መሣሪያ በመሥራት አሳዩ።

2. የአዋቂ ዓሣ በ75 በመቶ፣ የታዳጊው በ90 በመቶ መቀነስ ስለ መጪዎቹ ዓመታት ምን ይነግረናል?

3. አንድ ተማሪ «አባቴ ነሐሴ ላይ ወንዝ አፍ ያጠምዳል፤ ኃጢአት ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ በሌሎቹ ተማሪዎች ፊት ምን ትመልሱለታላችሁ? መልሳችሁን ጻፉና ለጓደኛችሁ አንብቡለት። አባቱ ቢሰማው ቅር ይለዋል? ቅር የሚለው ከሆነ እንደገና ጻፉት።