ከመኪና ሞተር ስለሚወጣ የቃጠሎ ሽታ

አውቶሞቢል በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል። ዛሬ እህል ከገጠር ወደ አምቦ ገበያ የሚወርደው፥ ምጥ የጠናባት እናትም ሐኪም ቤት የምትደርሰው ብዙውን ጊዜ በመኪና ነው። ስለዚህ የመኪናን ነገር ሾፌሩ ይወቀው ብሎ መተው አይገባም። የሾፌሩ ዓይንና አሳብ በመንገዱ ላይ ነውና፥ የተቃጠለ ነገር አስቀድሞ የሚሸተው ከኋላ የተቀመጠው መንገደኛ ሊሆን ይችላል። እርሱ ግን የጎረቤት ጢስ መስሎት ዝም ይላል፤ ሾፌሩም ገበያው እንዳያመልጠው ይቸኩላል። በዚህ መካከል በጥቂት ብር ይበጅ የነበረው ጉዳት ሞተሩን ያጠፋዋል፤ የከፋ እንደ ሆነም በሰው ሕይወት ይደርሳል።

የቀደሙት ሊቃውንት አራቱ ባሕርያት ነፋስ፥ እሳት፥ ውሃና መሬት ናቸው ብለው ያስተምራሉ። የሞተርም ሥራ በዚህ ምሳሌ ቢገለጥ ከእውነት አይርቅም። ቤንዚን ወይም ናፍጣ በሆዱ ይነዳል፤ እሳቱ ብረቱን እንዳያበላሸው ውሃ በዙሪያው ይዞራል፤ ውሃውም ቀጫጭን ቧንቧ ባለው ራዲያተር ሲያልፍ ነፋስ ያበርደዋል፤ ብረት ከብረት የሚፋተግበትን ደግሞ ዘይት ያለሰልሰዋል። ከእነዚህ አንዱ የጎደለ ወይም ከስፍራው የወጣ እንደ ሆነ፥ ትኩሳቱ የማይገባውን ነገር ይነካል። የሽታውም ዓይነት የተነካው ነገር ምን እንደ ሆነ ይናገራል።

ሽታው የሚከረፋና ዓይን የሚቆጠቁጥ፥ ጢሱም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ እንደ ሆነ ዘይት ነው። ብዙ ጊዜ ያረጀ ጓርኒሲዮን ያፈሰሰው ዘይት በጋለው የጢስ ማውጫ ላይ ሲንጠባጠብ የሚመጣ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥቶ ጠርጎ መልሶ ማየት ይገባል፤ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ሳይሞሉ መሄድ ሞተሩን መግደል ነው። የላስቲክ ሽታ ከሲጥታ ጋር የተሰማ እንደ ሆነ ቺንጊያው ላልቷል ወይም አርጅቷል። በብዙ መኪና ውሃውን የሚያዞረው ይኸው ቺንጊያ ስለ ሆነ ከላስቲኩ ሽታ ቀጥሎ የውሃው መፍላት ይመጣል።

ከጉደር ወደ ጌዶ ሲወጣ የሚሸተው ግን ብዙ ጊዜ ፍሪሲዮን ነው፤ ሾፌሩ ፔዳሉን በግማሽ ረግጦ ዳገቱን ሲታገል ሸራው ይፋተጋል። ከወንጪ ወደ አምቦ ቁልቁል ሲወረድ የሚሸተው ደግሞ ፍሬን ነው። መድኃኒቱ ቁልቁለቱን ከመጀመር አስቀድሞ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግ ነው። በጋለው ጎማ ላይ ውሃ መድፋት ብረቱን ይሰነጥቃልና አይገባም። በመኸር ጊዜም እህል በመንገድ ላይ አስጥተው መኪና እንዲረግጠው የሚያደርጉ አሉ፤ ገለባው ከሥር ተጠምጥሞ የጢስ ማውጫውን ሲነካ ይነዳል። እንዲህ ያለውን መንገድ ያለፈ ሾፌር ቆሞ ከሥር ማየት ይገባዋል።

ከሁሉ የሚያስፈራው የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሽታ ነው፤ የፌስታል ቃጠሎ ይመስላል። ይህ ሲሆን ሞተሩን ማጥፋት፥ ሰዎቹን ማውረድ፥ የባትሪውንም ገመድ መፍታት ይገባል። ፊውዝ ሲቃጠል በስፍራው ተራ ሽቦ የሚያስር ሰው በቤቱ ጣራ ላይ ፍም እንዳኖረ ይቆጠራል።

ስለ ውሃው ግን ሰፋ አድርጎ መናገር ያሻል። እንደ ተቃጠለ ስኳር የጣፈጠ ሽታ ከነጭ እንፋሎት ጋር ሲወጣ የራዲያተሩ ፈሳሽ ፈስሷል ማለት ነው። ይህ ከውሃ ጋር የሚቀላቀል ማቀዝቀዣ ጣዕሙ ጣፋጭ ቢሆንም መርዝ ነውና፥ ሕፃናትና ከብቶች እንዳይቀምሱት መጠበቅ ይገባል። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 2100 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአምቦ በ93 ዲግሪ ገደማ፥ ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋው በወንጪ አገር ደግሞ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንግዲህ ዳገቱ ሞተሩን በሚያደክምበት ስፍራ ውሃውም ለመፍላት ይፈጥናል። ይህን የሚከለክል የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ እንፋሎቱን አፍኖ ይይዛልና። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን በሌላ መለወጥ ትንሽ ወጪ ነው። ነገር ግን ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን የከፈተ ሰው የታፈነው እንፋሎት ፊቱንና እጁን ያቃጥለዋል። ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ፥ እጅ ሲችለው፥ በወፍራም ጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ መክፈት ነው። በጋለ ሞተር ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም የጋለ ምጣድ ላይ ውሃ እንደ መድፋት ነው፤ ብረቱ ይሰነጠቃል።

በአምቦ አገር ደግሞ አንድ የተለየ ፈተና አለ። ለመጠጥ የተወደደው የአምቦ ውሃ ጋዝና የተሟሟ ማዕድን አለበት። በፈላ ጊዜ ጋዙ ይለቅቃል፥ ማዕድኑም እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ በቧንቧው ውስጥ ይጋገራል። ያን ጊዜ ራዲያተሩ ውሃ ሞልቶም ማብረድ ይሳነዋል። ሌላ ውሃ በታጣበት መንገድ ጋዙ ከወጣለት በኋላ እስከ ጋራዥ ለመድረስ ቢጨመር ይፈቀዳል፤ ወዲያው ግን መታጠብና በተገቢው ፈሳሽ መለወጥ ያሻዋል።

መምህሩ ይህን ለተማሪዎቹ ለማሳየት ሁለት ንጹሕ ጣሳዎች ይበቁታል። በአንዱ የዝናብ ውሃ፥ በሁለተኛው በዚያው ልክ የአምቦ ውሃ ጨምሮ ሁለቱንም እሳት ላይ ጥዶ ያትንናቸው፤ ሲደርቁም ጣሳዎቹን ለተማሪዎቹ እያዞረ ታቻቸውን በጣታቸው እንዲዳስሱ ያድርግ።